የወንድሜ የጉዳተኝነት ክፍያ ሊቋረጥ ነው፤ መጠጡ ግን አልተቋረጠም

ታናሽ_እህት

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከአሜሪካ ነው። ከእናንተ መካከል በሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታና የጉዳተኝነት ክፍያ የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) ጉዳይ ያለፈ ወይም በሙያው የሠራ ሰው እንደሚኖር ተስፋ አደርጋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ፣ በቤታችን ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ ከሰባት ዓመት በፊት መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ወገቡን ተጎድቶ ሥራ አቆመ። ከዚያ በፊትም ይጠጣ ነበር፤ ሥራ ካቆመ በኋላ ግን የማታው መጠጥ ወደ ጠዋት ተሻገረ። ሐኪሞቹ ከባድ የድብርት ሕመም እንዳለበትም ጽፈውለታል። ኤስ ኤስ አይ የሚባለውን፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ጉዳተኞች የሚያገኙትን ክፍያ ማግኘት ከጀመረ አምስት ዓመት ሆነው። ገንዘቡን ራሱ ማስተዳደር አይችልም ተብሎ ስለ ተወሰነ ተቀባይ ወኪሉ እኔ ነኝ። ክፍያው እኔ በማንቀሳቅሰው ሒሳብ ይገባል፣ በመንግሥት ድጎማ የተከራየውን ክፍል ኪራይ ከዚያ ላይ እከፍላለሁ፣ ምግቡን እገዛለሁ፣ ከቀረው ደግሞ ዓርብ ዓርብ አርባ ዶላር እሰጠዋለሁ። እጄን ይዞ ትምህርት ቤት ያደረሰኝ ሰው በየሳምንቱ ደጄ ላይ ቆሞ ከእኔ ገንዘብ ሲጠብቅ ሁለታችንም ዓይን ለዓይን አንተያይም።

ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ ደረሰን። ጉዳዩ እንደገና ተመርምሮ የጤናው ሁኔታ እንደ ተሻሻለና ክፍያውም እንደሚቆም ይገልጻል። እውነት ነው፣ ወገቡ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ተሽሎታል። እሱ ግን ከአልጋው የማይነሳበት ሳምንት አለ።

ቤተሰቡ በሁለት ተከፍሏል። አጎታችን «ተዪው፣ ገንዘቡ ሲደርቅ ጠርሙሱም ይደርቃል» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም በድካሜ ሰዓት እንደዚያ አስባለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ክፍያው የሚቆመው ስለሚጠጣ ነው? ቢቆምስ በእርግጥ የአጎቴ አባባል ይሠራል?

---

ጉዳይ_ተከታታይ

እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ከማንበብዎ በፊት ደብዳቤውን ያውጡና ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን ቀን ይዩ። ይግባኝ ለማለት ያለው ጊዜ ደብዳቤው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው። ይግባኙ እስኪታይ ድረስ ክፍያው እንዲቀጥል ለመጠየቅ ያለዎት ግን 10 ቀን ብቻ ነው። ደብዳቤው በላዩ ከተጻፈው ቀን በኋላ በአምስት ቀን ውስጥ እንደ ደረሰ ይቆጠራል። ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው 60 የሚለውን ቁጥር አይቶ ሲዘናጋ ነው፤ 10 የሚለው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ገጽ ላይ ተደብቆ ይገኛል።

አንድ ነገር ግን አልደብቅዎትም። ክፍያው ቀጥሎ በመጨረሻ ይግባኙ ውድቅ ቢሆን በመካከሉ የተከፈለው ገንዘብ እንደ ዕዳ ሊጠየቅ ይችላል። ያን ጊዜም ይግባኙ በቅን ልቦና የቀረበ ከሆነ ዕዳው እንዲነሳ ማመልከት ይቻላል። እኔ በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት የወንድምዎን ዓይነት ሰው ዕዳ ፈርቶ ክፍያውን ይተው ብዬ መክሬ አላውቅም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ። ሕጉ «ይጠጣልና አይከፈለው» አይልም፤ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሰው መጠጡን ወይም ዕፁን ዛሬ ቢያቆም የቀረው ሕመሙ ብቻውን ከሥራ ያግደዋል ወይስ አያግደውም? አያግደውም ከተባለ ሱሱ ለጉዳተኝነቱ ወሳኝ ምክንያት ነው ይባልና ክፍያ አያገኝም። ያግደዋል ከተባለ፣ እየጠጣም ቢሆን፣ የማግኘት መብት አለው። መጠጡ ራሱ ያመጣው ጉዳት፣ ለምሳሌ የጉበት መኮማተር ወይም የማይመለስ የአእምሮ ጉዳት፣ መጠጡ ቢቆምም አብሮ ስለማይጠፋ ይቆጠርለታል።

ድብርትና መጠጥ አብረው ሲኖሩ የቱ የቱን እንደ ወለደ የሚለይ መርማሪ የለም። በ2013 (በፈረንጆች አቆጣጠር) የወጣው የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት መመሪያ ይህን ያውቀዋል። የአእምሮ ሕመሙ መጠጡ ቢቆም ሥራ እስከሚያሠራ ድረስ እንደሚሻሻል ማኅደሩ ውስጥ ማስረጃ ከሌለ፣ ሱሱ ወሳኝ ምክንያት ነው ተብሎ አይወሰንም። ስለዚህ ልጠይቅዎ፤ ወንድምዎ ባለፉት አምስት ዓመታት ሳይጠጣ የቆየበት ጊዜ አለ? ሆስፒታል፣ ማገገሚያ፣ የትም ይሁን። ያን ጊዜ ድብርቱ እንዴት ነበር?

---

ግልጽ_ልናገር

የሚከፋው ሰው ቢኖር ይቅርታ፤ እኔ ግን የአጎትየውን ሐሳብ እንዲህ በቀላሉ አልጥለውም። የአክስቴ ልጅ ክፍያው በየወሩ የመጀመሪያ ቀን ሲገባ እስከ ስድስት ወይም ሰባት ድረስ ስልኩን አያነሳም ነበር። በስምንተኛው ቀን ይደውላል፤ ገንዘቡ አልቋል፣ ጫማውም የለም። ይህ ለሦስት ዓመት ሳይዛነፍ በየወሩ ተደጋገመ። ያን ገንዘብ የሰጠው መንግሥት ረዳው ወይስ ገደለው ብዬ ብዙ ሌሊት አስቤያለሁ።

ይህ የእኔ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1995 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የታተመ ጥናት ሎስ አንጀለስ በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ይታከሙ የነበሩ፣ ስኪዞፍሬኒያም የኮኬይን ሱስም የነበረባቸው 105 ወንዶችን ተከታትሎ ነበር። የኮኬይን አጠቃቀማቸው፣ የሕመማቸው ምልክትና ሆስፒታል የመግባታቸው ብዛት፣ ሦስቱም የጉዳተኝነት ክፍያው በሚገባበት በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት ከፍ ይሉ ነበር። ሐኪም የሚያክመውን ቼኩ መልሶ ያሳምመዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ለእህታችን ርኅራኄ አለኝ፤ ነገር ግን «ክፍያው ይቀጥል» ማለት ሁልጊዜ የሚወድ ሰው ምርጫ ነው ብዬ አላምንም።

---

የድሮ_ፋይል

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም፤ አገሩ በሙሉ አንድ ጊዜ ሞክሮታል፤ ውጤቱም ተመዝግቧል።

ኤስ ኤስ አይ በ1972 በሕግ ሲቋቋም (ክፍያው የተጀመረው በ1974 ነው) ሱስ ለጉዳተኝነት ምክንያት ሊሆን ይችል ነበር። ይሁን እንጂ ሁለት ግዴታ ነበረበት። ገንዘቡን በወኪል መቀበልና ሕክምና በሚገኝበት ቦታ ሁሉ መታከም። በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። በተግባር ግን የሕክምና ቦታው አልነበረም፣ የሚከታተለውም አልነበረም፤ ወኪሉ ደግሞ አንዳንዴ የመጠጥ ጓደኛ፣ አንዳንዴም የመጠጥ ነጋዴው ራሱ ሆኖ ተገኘ። የሜይን ሴናተር የነበሩት ዊልያም ኮኸን በ1994 መጀመሪያ ይህን የሚያጋልጥ ሪፖርት አወጡ፤ ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም ተቀባበለው። በዚያው ዓመት ኮንግረስ በሱስ ምክንያት የሚከፈለው ክፍያ ከ36 ወር እንዳይበልጥ ወሰነ። ያም አልበቃም፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተን መጋቢት ላይ፣ በ29 ማርች 1996፣ በፈረሙት ሕግ ሱስ ለብቻው ምክንያት መሆኑ ቀረ፤ ከ1 ጃኑዋሪ 1997 ጀምሮም ክፍያው ቆመ።

ደብዳቤው የደረሳቸው ሰዎች ከ200,000 በላይ ነበሩ። ብዙዎቹ እንደገና ይታይልን ብለው አመለከቱ፤ ከጠቅላላው ሲሶ የሚሆኑት በሌላ ሕመም፣ አብዛኛውን ጊዜ በአእምሮ ሕመም፣ ተመልሰው ገቡ። የቀሩት ወጡ። ከኤስ ኤስ አይ የወጣ ሰው በብዙ ቦታ ሜዲኬድም (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት የሕክምና ሽፋን) አብሮ ይቀርበት ስለ ነበር፣ ታከሙ የሚባሉት ሰዎች የሕክምናውን ካርድ በዚያው ቀን አጡ። በዚያው ዓመት ነሐሴ በወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ በዕፅ ወንጀል የተፈረደበት ሰው የምግብ እርዳታ ዕድሜ ልኩን እንዳያገኝ ተከለከለ፤ ክልከላውን የማንሣትና የማላላት ሥልጣን ለግዛቶች ተሰጠ፤ ብዙዎቹም ኋላ ላይ ተጠቀሙበት።

ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች በዘጠኝ ቦታዎች ሰዎቹን ለሁለት ዓመት ያህል ተከታተሉ። ግልጽ_ልናገር፣ ለእርስዎ ፍትሐዊ ልሁን፤ ክፍያው ከቆመባቸው ሁሉ የዕፅ አጠቃቀማቸው ጨመረ የሚል ውጤት አልተገኘም። ነገር ግን ገንዘቡ ሲቀር ወደ ሥራ ይሄዳሉ የሚለው ተስፋም አልተፈጸመም፤ አብዛኞቹ ያጡትን ገቢ በደመወዝ አልተኩትም። ዘመድ ቤት ገቡ፣ ከተማ በሚሰጠው ትንሽ እርዳታ ኖሩ፣ አንዳንዶቹም ያለ መጠለያ ቀሩ። የመንግሥት ወጪ ከአንድ መዝገብ ወደ እህቶችና እናቶች ኪስ ተዛወረ ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

---

ስድስተኛ_ዓመት

አብዛኛውን ጊዜ አንብቤ ብቻ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም እኔ ክፍያው የተቋረጠበት ሰው ነኝ።

የእኔ ሱስ መጠጥ አልነበረም፤ በሐኪም ትእዛዝ በተጀመረ የሕመም ማስታገሻ ተጀምሮ በሄሮይን የተጠናቀቀ ነው። ለሌላ ሕመሜ ኤስ ኤስ አይ ይከፈለኝ ነበር። ለ14 ወር ታሰርኩ። እስር ቤት አንድ ሙሉ ወር የቆየ ሰው ክፍያው ይታገዳል፤ እገዳው 12 ወር ከሞላው መዝገቡ ይዘጋና እንደ አዲስ ማመልከት ግድ ይሆናል። እኔ በሁለት ወር አለፍኩ። 12 ወር ሳይሞላኝ ብወጣ ኖሮ መዝገቡን ማስቀጠል ብቻ ነበር የሚበቃው፤ ይህን የነገሩኝ ግን ከወጣሁ በኋላ ነው።

ስወጣ ቤት የለኝም፣ ሜዲኬድም ተዘግቷል። ከመታሰሬ በፊት የሜታዶን ታካሚ ነበርኩ። ሜታዶን የሄሮይን ሱስን ለማከም፣ ብዙውን ጊዜ በየቀኑ ክሊኒክ ሄደው የሚወስዱት መድኃኒት ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰልፍ ይያዛል፣ በመስኮቱ በኩል በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ቀይ ፈሳሽ ይሰጥዎታል፣ እዚያው ጠጥተው አፍዎን ከፍተው ያሳያሉ። ያንን ሰልፍ የናፈቅኩትን ያህል ምንም ናፍቄ አላውቅም። በተፈታሁ በሦስተኛው ቀን ክሊኒኩ ሄድኩ። ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ሴት ስሜን አስታወሰችና ፈገግ አለች፤ ኮምፒዩተሯን አየች፤ ፈገግታዋ ጠፋ። «ኢንሹራንስህ አይሠራም፤ በራስህ ትከፍላለህ?» አለችኝ። ኪሴ ውስጥ የአውቶቡስ መመለሻ ነበር።

በዚያው ሳምንት ተጠቀምኩ። ሳልጠቀም ለወራት ስለ ቆየሁ ሰውነቴ የድሮውን መጠን መሸከም አይችልም ነበር፤ እኔ ግን የድሮውን መጠን ነው የወሰድኩት። ከእስር ወይም ከማገገሚያ የወጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። አብሮኝ የነበረው ልጅ ናሎክሶን የተባለውን ማርከሻ በአፍንጫዬ ነፍቶ አተረፈኝ።

ግልጽ_ልናገር፣ ወንድሜ፣ የጻፉትን አልክድም፤ እኔም የወሩን አንደኛ ቀን የምጠብቀው እንደ ዓመት በዓል ነበር። ግን ገንዘቡ ሲቆም ሱሱ ለገንዘቡ ሌላ መንገድ አገኘ እንጂ አልቆመም፤ መንገዱንም እዚህ አልጽፈውም። ያዳነኝ ከዘጠኝ ወር በኋላ ካርዱ ተመልሶ ቡፕረኖርፊን የተባለውን ሌላ የሱስ መድኃኒት መጀመሬ ነው። እሱም በየቀኑ ሰልፍ አያስይዝም።

---

የሌሊት_ተረኛ

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ፤ አጭር ነገር ልጨምር። «ገንዘቡ ሲደርቅ ጠርሙሱም ይደርቃል» የሚለው አባባል ለመጠጥ ሱሰኛ በጣም አደገኛ ነው። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በገንዘብ እጦት በአንድ ጊዜ ሲያቆም ከስድስት እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጁ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ማቅለሽለሽ ይጀምረዋል፤ በሁለት ቀን ውስጥ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል፤ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ደግሞ ቀንና ሌሊት መለየት እስኪያቅተው ቅዠት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ሊከተል ይችላል። ይህ የመጨረሻው ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። የሄሮይን ማቆም ያሠቃያል፤ የመጠጥ ማቆም ግን ሊገድል ይችላል። ወንድምዎ ማቆም ቢፈልግ ሐኪም ቤት ገብቶ ያቁም፤ እዚያ በመድኃኒት ረጋ ብሎ ይወርዳል።

በነገራችን ላይ የወሩ መጨረሻ የእኛም ነገር ነው። የወሩ መጀመሪያ አብዝቶ በመጠጣትና በኦቨርዶዝ (ዕፅ ከልክ በላይ በመውሰድ)፣ የወሩ መጨረሻ በማቋረጥ መንዘፍዘፍ የሚመጡ ሰዎች አሉን፤ ብዙዎቹ ያው ሰዎች ናቸው።

---

ታናሽ_እህት

አነበብኩ፤ አለቀስኩም። ጉዳይ_ተከታታይ፣ ቀኑን አየሁ። ደብዳቤው ከተጻፈ ስድስት ቀን ሆኖታል፤ ስለዚህ ጊዜ አለን።

ሳይጠጣ የቆየበት ጊዜ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት አራት ወር ማገገሚያ ማእከል ተኝቶ ነበር። ያን ጊዜ ለመጠየቅ ስሄድ የማየው ሰው አልጠጣም፤ ግን ያው አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር የሚተኛው። አንድ ቀን ፀጉሩን ልበጥረው ብዬ ስነካው ፀጉሩ ለሳምንታት እንዳልታጠበ በእጄ ታወቀኝ። በዚያ ወቅት እየጠጣ ነው ሊሉ አይችሉም አይደል?

ግልጽ_ልናገር፣ አልተቀየምኩዎትም። እርስዎ የጻፉትን እኔ ለራሴ ብዙ ጊዜ ብያለሁ።

---

ጉዳይ_ተከታታይ

እህቴ፣ ያ አራት ወር የጉዳዩ አከርካሪ ነው። ዛሬውኑ ለማገገሚያው ማእከል የሕክምና መዝገቡ እንዲሰጥዎ ይጻፉ፤ የፈቃድ ቅጹን ግን ወንድምዎ መፈረም አለበት። የነርሶቹ የዕለት ማስታወሻ ከሐኪሙ ማጠቃለያ ይበልጥ ይጠቅማል። «ታካሚው ለቁርስ አልተነሳም፣ በቡድን ውይይቱ አልተገኘም፣ ገላውን እንዲታጠብ ሦስት ጊዜ ተነገረው» የሚል መስመር መጠጥ በሌለበት የተጻፈ ስለ ሆነ ዋጋው ትልቅ ነው። ሌላም አለ። ክፍያውን ለማቋረጥ መሥሪያ ቤቱ ሕመሙ እንደ ተሻሻለና መሻሻሉም ከመሥራት ችሎታው ጋር እንደሚያያዝ ማሳየት አለበት። ወገቡ ተሻሽሏል፤ ድብርቱስ? ደብዳቤው ስለ ድብርቱ ምን እንደሚል ደግመው ያንብቡ። ምንም ካላለ እዚያ ላይ ይቁሙ።

ሐኪሙ ጋ ሲሄዱም ስለ መጠጡ እንዲዋሽ አይምከሩት። የሚደብቅ ታካሚ መዝገብ ውስጥ ሲገኝ እምነቱ ይጎድላል፤ እምነት ከጎደለ ደግሞ ድብርቱንም አያምኑትም።

ግልጽ_ልናገር ላነሱት ጥናት አንድ ቃል። ያ ጥናት ያሳየው ገንዘቡ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጊዜ፣ በሰውየው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ነው። ከዚያ ተነሥቶ ገንዘቡ ይጥፋ ማለትም፣ በሌላ መንገድ ይሰጥ ማለትም ይቻላል። እህታችን ዓርብ ዓርብ የምታደርገው ሁለተኛውን ነው።

---

ግልጽ_ልናገር

ስድስተኛ_ዓመት፣ ስለ ጻፉት አመሰግናለሁ። ካርዱ ከክፍያው ጋር አብሮ መዘጋቱን አላሰብኩበትም ነበር፤ ስለ ገንዘቡ ብቻ ነበር የማስበው።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ አሁንም አለብኝ። ከ1997 በፊት የነበረው ወኪልና ሕክምና አንድ ላይ ግዴታ የማድረግ ሐሳብ ለምን አይመለስም? ሐሳቡ መጥፎ ስለ ነበር ነው የወደቀው ወይስ ገንዘብ ስላልተመደበለት?

---

የድሮ_ፋይል

በእኔ አመለካከት ሁለተኛው ነው። ታከም ብሎ አልጋ አለማዘጋጀት፣ ወኪል አምጣ ብሎ ወኪሉን አለመቆጣጠር፣ ከዚያ «ሞክረን አልሠራም» ማለት ሙከራ አይባልም። አሁንም ቢሆን መሥሪያ ቤቱ ሰው ገንዘቡን ማስተዳደር አይችልም ካለ ወኪል ይሾማል፤ የእህታችን ሁኔታ ያ ነው። ሕክምናው ግን ከክፍያው ጋር በሕግ የተሳሰረበት ድልድይ የለም።

ስለ ካርዱ ለውጥ መኖሩንም ልጨምር። ከ2014 ጀምሮ ሜዲኬድን ባሰፉ ግዛቶች ገቢው ዝቅተኛ የሆነ አዋቂ ሰው ያለ ጉዳተኝነት ውሳኔም ሊሸፈን ይችላል፤ አርባ ግዛቶችና ዋና ከተማዋ አስፍተዋል። ባላሰፉት፣ ለምሳሌ በቴክሳስና በፍሎሪዳ፣ ኤስ ኤስ አይ ማጣት አሁንም እንደ 1997ቱ ካርዱን ይዞት ሊሄድ ይችላል። እህታችን የትኛው ግዛት እንደምትኖር እዚህ መናገር አያስፈልጋትም፤ ግን ታጣራ።

---

የሰሜን_ጎረቤት

ከካናዳ ነኝ። እኛ ጋ ክርክሩ በፍርድ ቤት አለፈ። የኦንታሪዮ የጉዳተኞች ድጋፍ ሕግ ሕመሙ ሱስ ብቻ የሆነ ሰው ክፍያ እንዳያገኝ ይከለክል ነበር። የመጠጥ ሱስ የነበረባቸው ሁለት ሰዎች ተከራከሩ፤ በ2006 የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የይግባኝ ሸንጎው የሰብአዊ መብት ሕጉን መመልከት አለበት አለ፤ በ2010 ደግሞ የግዛቲቱ ይግባኝ ፍርድ ቤት ክልከላው አድልዎ መሆኑን አጸና። ስለዚህ እዚህ ሱስ ራሱ እንደ ጉዳተኝነት ሊታይ ይችላል።

ይህ ማለት ግን የወሩ መጀመሪያ ችግር ተፈታ ማለት አይደለም። ቫንኩቨር ውስጥ የእርዳታውን ክፍያ ቀን በማፈራረቅና በመከፋፈል የተደረገ ሙከራ ነበር፤ ውጤቱ በ2021 ታተመ። በክፍያ ቀን አካባቢ የሚታየው የአጠቃቀም መጨመር ቀነሰ፤ ነገር ግን ቀናቸው የተለወጠባቸው አንዳንዶች ላይ ሌላ ጉዳት ታየ። ሁሉም በአንድ ቀን ሲጠቀም ቢያንስ ሰው በአጠገብህ አለ፤ ብቻህን በሌላ ቀን ስትጠቀም የሚያነሳህ የለም የሚል ትርጓሜ ሰምቻለሁ፤ ለእኔ አሳማኝ ነው። ቀላል ቁልፍ ያለው በር አይደለም ለማለት ነው።

---

ስድስተኛ_ዓመት

ታናሽ እህት፣ ስለ ዓርቡ አንድ ነገር ልበልሽ፤ «አንቺ» በማለቴ ይቅር በይኝ፣ እህቴ ስለ መሰልሽኝ ነው። የእኔም ወኪል ታላቅ እህቴ ነበረች። እጠላት ነበር። በሩን እየደበደብኩ «ገንዘቤን ስጪኝ» ያልኩባት ሌሊት አለ። ያኔ ያልገባኝ ነገር፣ ኪራዩን እሷ ስለ ከፈለች ብቻ የምገባበት በር ነበረኝ። ወንድምሽ ቢቆጣሽ፣ ቢሰድብሽም፣ ኪራዩን ቀድመሽ ክፈዪ። ከአቅምሽ በላይ ከሆነ ደግሞ ወኪልነቱን ለድርጅት ማስተላለፍ ይቻላል፤ ያን ጊዜ እህቱ ብቻ ሆነሽ ትቀሪያለሽ። እኔ ያን ባደረገችው ኖሮ እላለሁ፤ ዛሬ ቡና ጠጡ ስትለኝ አሁንም ዓይኗ ኪሴ ላይ ነው።

---

ታናሽ_እህት

ከአራት ቀን በኋላ ተመለስኩ።

ትላንት ጋሼን ይዤው ወደ ቢሮው ሄድን። ይግባኙንም፣ ክፍያው እንዲቀጥል የሚጠይቀውንም ቅጽ አስገባን። ጸሐፊዋ በቅጂው ላይ ማኅተም መታችልን፤ ደብዳቤው ከተጻፈ በዘጠነኛው ቀን መሆኑ ነው። ቀጥሎ ከአንድ የጉዳተኝነት ጉዳይ ሰሚ ፊት በአካል እንደምንቀርብ ነገሩን፤ ቀኑ ገና አልተቆረጠም። ከማገገሚያው ማእከል መዝገቡን ጠይቄያለሁ። ደብዳቤውንም ደግሜ አነበብኩት፤ ስለ ወገቡ አንድ ሙሉ አንቀጽ አለ፣ ስለ ድብርቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ።

ለአጎታችን የነርሷን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ለጊዜው ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ ሐኪም ቤት የሚገባ ከሆነ እኔ ነኝ የማደርሰው» አሉ።

ጋሼ ቅጹን ሲፈርም እጁ ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር ወረቀቱን ያዝኩለት። ልጅ እያለሁ ፊደል ሲያስጽፈኝ እሱ ነበር ወረቀቱን የሚይዝልኝ፤ እሱም ያ ሳይታወሰው አልቀረም፣ ቀና ብሎ አየኝ። ከቢሮው ስንወጣ የዓርቡን ገንዘብ ጠየቀኝ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ሃያውን ሰጠሁትና ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።